ሳሙናው ማኅተም አለመሆኑን ስለማስረዳት

ቀን፦ ግንቦት 14

ለከተማው የመዝገብና የማኅተም ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

አመልካች፦ ሳሙና ሠሪዋ፣ የማኅተም ጠባቂው ልጅ

ጉዳዩ፦ የታሸገው የሥራ ክፍሌ እንዲከፈትልኝና የአባቴ ስንብት በወጉ እንዲፈጸምላቸው ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ጉዳዬን ከመነሻው እንዳስረዳ እንዲፈቅዱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። አባቴ «ለመሥሪያ ቤት የሚጻፍ ነገር አጭር ይሁን» እያሉ ያሳደጉኝ መሆኑን አልዘነጋሁም። ይሁን እንጂ አርባ ሳሙና «ሐሰተኛ ማኅተም» ተብሎ በብረት ሣጥን ተቆልፎበት በአጭሩ መጻፍ የሚችል ሰው ካለ፣ እሱ ሳሙና ሠርቶ የማያውቅ ሰው ነው።

1. እኔ አመልካች ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ጌጠኛ ሳሙና እየሠራሁ የምተዳደር ሴት ነኝ። ከልብስ ሰፊው ቤት ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ውስጥ ዘይቱን ከኮስቲክ ሶዳ ጋር አዋሕጄ፣ ቀለምና መዓዛ ጨምሬ፣ በገዛ እጄ በፈለፈልኩት የእንጨት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ አፈሰዋለሁ። ሲጠነክር አውጥቼ መደርደሪያ ላይ አራት ሳምንት አደርቀዋለሁ፤ በየሁለት ቀኑም አገላብጠዋለሁ። ሳሙና እንደ ሕፃን ነው፣ በአንድ ጎኑ ብቻ ካስተኙት ይጣመማል።

2. የሥራዬ ልማድ ለሰው ሁሉ የሙያውን ዕቃ በሳሙና መሥራት ነው። ለልብስ ሰፊው መቀስ፣ ለሾፌሩ መሪ፣ ለጥርስ ሐኪሟ መንጋጋ ጥርስ ከነሥሩ ሠርቻለሁ። የመጨረሻው ታካሚዎችን ስላስደነገጠ ወደ ውስጠኛው ክፍል መዛወሩን ሰምቻለሁ። የጫማ ሰፊው ባለቤትም «ቀኑን ሙሉ ጫማ፣ እጁን ሲታጠብም ጫማ! ምናለ ዓሣ ብትሠሪለት?» ብላ ወቅሳኛለች። ከእነዚህ ሁለት ቅሬታዎች በቀር እስከ ግንቦት 3 ቀን ድረስ በሥራዬ ተከስሼ አላውቅም።

3. አባቴ በክቡርነትዎ ጽሕፈት ቤት ሠላሳ ስድስት ዓመት ማኅተም ጠባቂ ሆነው ማገልገላቸውን ያውቃሉ። የማኅተሙን ሣጥን ቁልፍ በክር አስረው አንገታቸው ላይ ስለሚያንጠለጥሉት፣ እናቴ «ጣውንቴ» ትለዋለች። አመሻሽ ላይ ከሥራ ሲመለሱ እጃቸውን የማስታጥባቸው እኔ ነበርኩ። ወይን ጠጁ የማኅተም ቀለም ግን ከአውራ ጣታቸውና ከሌባ ጣታቸው (የጣቱ ስም ሆኖ ነው፤ በመዝገቡ ላይ ሌላ ትርጉም እንዳይሰጠው) አይለቅም ነበር። ብንፈትገው፣ ብናለቀልቀው፣ ወይ ፍንክች! ሳሙና መሥራት የጀመርኩት ያንን ቀለም የሚያስለቅቅ ሳሙና እሠራለሁ ብዬ እንደሆነ፣ ከእርስዎ በፊት ለማንም አልነገርኩም።

4. ስምንት ዓመት ሲሆነኝ በደብተሬ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ማኅተም እንዲመቱልኝ ለምኛቸው ነበር። «ማኅተም መጫወቻ አይደለም» አሉኝ። አለቀስኩ፤ አኮረፍኩ፤ እራቴንም ተውኩ። አልመቱልኝም። በዕድሜዬ ሁሉ አባቴ የመቱልኝ ማኅተም የልደት ምስክር ወረቀቴ ላይ ያለው ብቻ ነው፤ እሱንም የመቱት ተሰልፈው ተራቸው ደርሶ፣ ጓደኛቸው ወረቀቱን መርምሮ ከፈረመ በኋላ ነው።

5. በመጋቢት ወር የሥራ ባልደረቦቻቸው ወደ ክፍሌ መጥተው፣ ጡረታ ሲወጡ በሚደረግላቸው ስንብት ላይ ለእንግዶች የሚታደል አርባ ሳሙና አዘዙኝ። ልብስ ሰፊውን ያለ መቀስ፣ ሾፌሩን ያለ መሪ ያላሳለፍኩ ሰው ለአባቴ ምን ልሠራ? ማኅተም ነዋ! የልደት ምስክር ወረቀቴን ከግድግዳ አውርጄ፣ ክብ ዙሪያውን፣ መሐሉ ላይ ያለውን የተከፈተ መጽሐፍ፣ በዙሪያውም የጽሕፈት ቤቱን ስም አንድ ፊደል ሳላጎድል ቀዳሁት። በመጠን የእጅ መዳፍ ያህላል። መዓዛው ጽጌረዳ ነው። የጽሕፈት ቤቱን ፈቃድ አለመጠየቄ ጥፋት ነው፤ ይህን ዓይኔን በጨው ታጥቤ አልክድም። ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ የተከለከልኩትን ነገር በሳሙና ስሠራው እየሳቅኩ ነበር፤ እየሳቁ የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ ፈቃድ መጠየቅ ትዝ አይላቸውም።

6. ግንቦት 3 ቀን፣ የስንብቱ ዋዜማ ረፋድ ላይ፣ ካርቶኑን ለጽሕፈት ቤቱ አስረከብኩ። አዲሱ የቁጥጥር ሠራተኛ ከፍተው ሲያዩ በአንድ ጊዜ አርባ ማኅተም አዩ። ሰውየው ሥራቸውን የሚወዱ መሆናቸውን ማንም አይክድም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት እንደ ደንብ አንቀጽ ይዘውታል። አንዱን ሳሙና አንስተው የጽሕፈት ቤቱ የቀለም ስፖንጅ ላይ ተጭነው በወረቀት ላይ ሞከሩት። ሳሙናና እርጥብ ስፖንጅ ሲገናኙ የሚሆነው ሆነ፤ ስፖንጁ አረፋ ደፈቀ። የሳቸውም እጅ እስከ አንጓቸው ወይን ጠጅ ሆነ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከጽሕፈት ቤቱ የሚወጣ ደብዳቤ ሁሉ ጽጌረዳ ጽጌረዳ እንደሚሸት ባለጉዳዮች ነግረውኛል። የእኔን ክፍል ያሸጉበት ወረቀት ራሱ በሩ ላይ ተለጥፎ መንገዱን ያውደዋል። ልብስ ሰፊው «መቼም እንዲህ ያለ ማሸጊያ አይቼ አላውቅም» ብሎ በየጊዜው ብቅ እያለ ያሸተዋል።

7. በዚያው ዕለት አርባው ሳሙና ተያዘ፤ ቅርጽ ማውጫዎቼ ተወሰዱ፤ አባቴም «ጉዳዩ እስኪጣራ» ተብለው የሣጥኑን ቁልፍ ከአንገታቸው አውጥተው አስረከቡ። ስንብቱም ቀረ። እሳቸው ለልጃቸው ማኅተሙን አውጥተው አሳይተዋት ይሆናል የሚል ቃል በመዝገቡ ላይ መስፈሩን ሰማሁ። ክቡር ኃላፊ፣ ከዚህ ሁሉ አንጀቴን የቆረጠው ይህ ነው። ክፍሌ ቢታሸግ እኔ እችለዋለሁ።

8. ስለ ሳሙናዎቹ የማቀርበው ማስረጃ ከእንጨት መፈልፈል የተማርኩት ነው። እውነተኛ ማኅተም ፊቱ አይነበብም። ፊደሎቹ የተገለበጡ ናቸው፤ ወረቀት ላይ ሲያርፉ ነው የሚቃኑት። የእኔ ሳሙና ግን ሰው እያነበበ እንዲደሰትበት የተሠራ በመሆኑ ፊቱ ላይ ቀጥ ብሎ ይነበባል፤ ወረቀት ላይ ቢመቱት የሚወጣው ተገልብጦ ነው። የቁጥጥር ሠራተኛው ሳሙናውን እንዳዩ የጽሕፈት ቤቱን ስም ያለ ችግር ማንበባቸውን በቃለ ጉባኤው ላይ ጽፈዋል። ነጻ የሚያወጣኝ ቃል ይኸው የሳቸው ቃል ነው። ክቡርነትዎ ከፈቀዱ፣ ከመዝገቡ ጋር የተያያዘውን የሙከራ ወረቀት በመስታወት ፊት ያቁሙት፤ ከዚያም እውነተኛውን ማኅተም ከሣጥኑ አውጥተው ፊቱን ይመልከቱ። በዚያ ሕንጻ ውስጥ የማኅተሙን ፊት ልብ ብለው የተመለከቱት አባቴ ብቻ መሆናቸውን እገምታለሁ፤ ሌላው ሰው የሚያየው ወረቀቱን ነው።

9. እዚህ ላይ ባቆም ለእኔ ይበጀኝ ነበር። ነገር ግን የማኅተም ጠባቂ ልጅ ነኝና ማንም ያልጠየቀኝን አንድ ነገር ልናገር። በትክክል ሊመታ የሚችል አንድ ሳሙና ነበረ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ የመጀመሪያውን ቅርጽ ማውጫ ስፈለፍል ንድፉን የሳልኩበትን ስስ ወረቀት መገልበጥ ረሳሁ። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁት ሥራ! ለሙከራ አንድ ሳሙና ብቻ አፍስሼ ባወጣው ፊቱ እንደ እውነተኛው ማኅተም ተገልብጦ ብቅ አለ። በራሴ ስቄ፣ እንጨቱን ልጬ እንደገና ፈለፈልኩ። ሳሙናውን ግን መጣል አልሆነልኝም፤ ከደረቀ በኋላ፣ በሚያዝያ፣ ወለል ባጠቡ ቁጥር አላፊ አግዳሚውን «ቀስ በሉ!» ስለሚሉ ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ ቀስ» ለሚላቸው የጽሕፈት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ሰጠኋቸው። እሳቸውም ለራሳቸው አላስቀሩትም፤ በምድር ቤቱ መታጠቢያ ላይ አኖሩት።

ስለዚህ ያ ሳሙና ከአንድ ወር በላይ በክቡርነትዎ ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ በገሃድ፣ ከቧንቧው ሥር ተቀምጦ ነበር። ሠላሳ ሠራተኛ ታጥቦበታል። ባለፈው ሳምንት እትዬ ቀስን ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ፊደሉማ ገና ድሮ ነው መሳሳት የጀመረው። ጨርሶ ያጠፉት ግን ያ የቁጥጥሩ ሰውዬ ናቸው። ያን ቀን ያ ቀለም አልለቅ ብሏቸው ግማሽ ሰዓት ሲፈትጉት ቆዩ። አሁን እንደ ቅጠል ሳስቷል።» የቁጥጥር ሠራተኛው ማስረጃ አጠፉ ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። እጃቸውን ታጠቡ ነው ያልኩት።

10. አባቴ ግን በየማለዳው አሁንም ልብሳቸውን ለብሰው፣ ክራቫታቸውን አስረው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ይወጣሉ። እስከ ጽሕፈት ቤቱ በር ይሄዱና ተመልሰው ይመጣሉ። እናቴ «የት ነበሩ?» አትላቸውም፤ ሻይ ታቀርብላቸዋለች። እኔን አልተቆጡኝም። ክፍሌ የታሸገ ዕለት መጥተው በማሸጊያው ወረቀት ላይ ያለውን ማኅተም ረዘም ላለ ጊዜ ካዩት በኋላ፣ የመጀመሪያ ቃላቸው «ዘቅዝቀው ነው የመቱት» የሚል ነበር። እውነትም መጽሐፉ በአናቱ ቆሟል። ከዚያም ቀስ ብለው «በሠላሳ ስድስት ዓመት አንድም ቀን ዘቅዝቄ አልመታሁም፣ ልጄ» አሉኝ። እኔ በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ ወዲህ እጃቸውን በእኔ ሳሙና አይታጠቡም። ከሱቅ ተራ ሳሙና፣ ምንም ቅርጽ የሌለው፣ ገዝተው አምጥተዋል።

ስለሆነም ከዚህ የሚከተለውን እንዲፈጽሙልኝ አቤት እላለሁ፦

ሀ. ክፍሌ እንዲከፈትልኝ፤ ካልተቻለም እሽጉ ሳይነካ ሳሙናዎቼን በመስኮት በኩል የሚያገላብጥ አንድ ሰው እንዲመደብልኝ። ሁለት መቶ ያህል የዛጎልና የጽጌረዳ ቅርጽ ያለው ሳሙና በአንድ ጎኑ ተኝቶ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። የቁጥጥር ሠራተኛው ቢመደቡልኝም አልቃወምም፤ ጥንቃቄ የሚያውቁ ሰው ናቸው።

ለ. አርባው ሳሙና ለታሰበላቸው እንግዶች እንዲታደል። ሐሰተኛ ማኅተም ነው የሚባል ከሆነም እንዲወገድ አልቃወምም፤ የማስወገጃው መንገድ ውሃና አርባ ሰው ብቻ ነው።

ሐ. እትዬ ቀስ በዚህ ጉዳይ እንዳይጠየቁ። እሳቸው በንጽሕና እንጂ በሌላ ነገር አይጠረጠሩም።

መ. አባቴ ማኅተሙን ለማንም አለማሳየታቸው ተጣርቶ፣ ያለ ነቀፋ ማገልገላቸው በስንብት ደብዳቤያቸው ላይ በግልጽ እንዲጻፍ። ንድፉን የወሰድኩበትን የልደት ምስክር ወረቀቴን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ እባክዎ ማኅተሙን ይመልከቱት፤ የሳቸው እጅ ነው፣ ቀጥ ብሎ ያረፈ ነው።

ሠ. ደብዳቤው ተፈርሞ ሲዘጋጅም ማኅተሙን የሚመቱት እሳቸው ራሳቸው እንዲሆኑ። ሰው በገዛ ደብዳቤው ላይ ማኅተም እንደማይመታ ደንቡን አውቀዋለሁ፤ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ወረቀት ብቻ ቁልፉ አንገታቸው ላይ ይመለስ። ሌላ ሰው ቢመታው ደብዳቤውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠማማነቱን ሲመለከቱ ይኖራሉ።

የማኅተም ቀለም ከጣት የሚያስለቅቀውን ሳሙና ካቻምና አግኝቼዋለሁ። በመጀመሪያው መታጠብ ያስለቅቃል፤ የቁጥጥር ሠራተኛው እጅ እስካሁን አልጠራ እንደሆነ አንድ ልልክላቸው ዝግጁ ነኝ። አባቴ ያንን ደብዳቤ መትተው፣ ሁለት ጣታቸው ወይን ጠጅ ሆኖ የወጡ ዕለት ግን፣ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ እንጂ ሳሙና ይዤ አልመጣም።

የክቡርነትዎን ፍትሐዊ ውሳኔ በተስፋ እየጠበቅኩ፣

ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሳሙና ሠሪዋ
የማኅተም ጠባቂው ልጅ