ከጽዶቹ ሥር የፈለቀው ውኃ

አንኮበር፣ ጥር ፳ ቀን ፲፰፻፸፰ ዓ.ም.

ምድር ተንቀጥቅጣ በናደችው ተዳፋት ላይ ጽድ ካስተከልሁ ሦስት ዓመቴ። ለንስሐ ልጆቼ የምሰጠው ቀኖና ይኸው ነበር። በዚህ በጋ ሌላው ሣር ሲደርቅ ከጽዶቹ ሥር መሬቱ ለምልሞ ውኃ ፈለቀ። እኔም ባለፈው እሑድ «ጠበል ነው» ብዬ ለሕዝቡ አወጅሁ።

ዛሬ አብሮኝ ይተክል የነበረው ገበሬ ወልዴ ወደ ተዳፋቱ ወስዶ አሳየኝ። ጽዶቹ ሁሉ ወደ ቁልቁል አዘንብለዋል። ከበላያቸው መሬቱ ተሰንጥቋል፤ መቋሚያዬን ብሰድበት እስከ ግማሹ ገባ።

«መምሬ፣ አፈሩ ውስጡ ጭቃ ሆኗል። ተንዶ ሊሄድ ነው» አለኝ።

ወደ ውኃው ወርጄ «ከዚህ ተነሡ» ብላቸው፣ ጠበል ብለው የሰፈሩት ሕመምተኞች «ሰይጣን ነው ይህን ያናገረዎ» ብለው አማተቡብኝ። ነገ ማርያም ናት፤ ደብሩ ሁሉ ሊጠመቅ ይመጣል።

መቋሚያዬን ስንጥቁ ውስጥ ቀጥ አድርጌ ትቼው ነበር። አሁን ከደጄ ሆኜ ሳየው እሱም አዘንብሏል።