የይለፍ ወረቀት ስለነፈጉኝ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ጓድ ጥሩሰው፣
የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣
ሐይቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለጨጓራዎና ከስብሰባ ብዛት ደክሟል ለሚባለው ድምፅዎ ያለኝን ልባዊ ምኞት አቀርባለሁ። እኔ በአላህ ቸርነት፣ ቀጥሎም በእርስዎ ትእዛዝ፣ እዚሁ ሐይቅ ደኅና ነኝ። ጓደኞቼ አዲስ አበባ ለሦስተኛ ዓመት የሕግ ትምህርት ተመዝግበው ክፍል ሲገቡ፣ እኔ በእናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የሐይቁን ንፋስ እቀበላለሁ። ይህን ደብዳቤ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር “ጓድ ስብሰባ ላይ ናቸው” ስለምባል ነው። ሰሌዳውን ግን በየማለዳው እንደሚያነቡ አውቃለሁ፤ ስምዎ የሚጻፈው እዚያ ነውና።

እንደሚያስታውሱት፣ በክረምቱ መጀመሪያ ከአውቶቡስ ስወርድ የከተማው ሰው ሁሉ ስለ ሙያና ስለ ኑሮ ምክር ይጠይቀኝ ጀመር። እኔም በሙዘይን ሻይ ቤት ተቀምጬ ያለ ስስት አካፈልኩ። ሐኪምነት እንቅልፍ ይነሳል አልኩ። መምህርነት ከጠመኔው ይልቅ ዝውውሩ ይገድላል አልኩ። ሕግ ግን ጥላ ያለው ቢሮ፣ ክራባትና የማይቀር ደሞዝ ያስገኛል፤ ስለዚህ ተመርቄ አንድ ኮርፖሬሽን ውስጥ ውል እያነበብኩ አረጃለሁ አልኩ። ፍትሕስ ብሎ ለጠየቀኝ፣ ፍትሕ የፈተና ጥያቄ ነው፣ ማለፊያ ካገኙበት ይበቃል ብዬ መለስኩ። ከሥራ ሁሉ የሚሻለው ደግሞ የቀበሌ ሊቀመንበርነት ነው፣ መግቢያ ፈተና የለውምና፣ ማለቴን አልክድም። ሻዩ ሳይበርድ ወሬው እርስዎ ዘንድ መድረሱ የቀበሌያችን መረጃ አሰባሰብ ምን ያህል እንዳደገ ያሳያል። እንኳን ደስ አለዎ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ እትዬ ተሻለች ክፍል አመሰግናለሁ። እኚህ ጎረቤታችን ባለቤታቸው በድርቁ ጊዜ ከሞቱ ወዲህ፣ አስፋልቱ ዳር ባለችው የቀበሌ ቤታቸው የፊት ክፍል የሐይቁን ዓሣ፣ ቆሮሶ፣ እየጠበሱ ለደሴና ለወልዲያ መንገደኛ በመሸጥ አንዲት ልጃቸውን ያስተምሩ ነበር። እርስዎ ግን ክፍሏ ለውይይት ክበብ እንደምትፈለግ አስተዋሉ። ስትታሸግ መጥበሻው ገና አልቀዘቀዘም ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ክበቡ ተቋቁሞ በሣጥን በሣጥን ቢራ ገባለት፤ የውይይቱም ኃላፊ የባለቤትዎ ወንድም ጓድ አምሳሉ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ እዚያ ሞቅ ያለ ውይይት እንደሚያካሂድ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ አንዳንዴ በጠርሙስ ጭምር።

ሁለተኛ፤ ስለ ፍርድ ሸንጎው። እትዬ ተሻለች እናቴ ዘንድ መጥተው “አሚናት እህቴ፣ ልጅሽ ሕግ ይማር የለም ወይ?” አሉ። እኔ ሁለተኛ ዓመት ብቻ ነው የጨረስኩት፣ ጥብቅና መቆም አልችልም ብዬ ላመልጥ ሞከርኩ። እናቴ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ “እሱማ ደግ፤ እስከ ሁለተኛ ዓመት ያለውን ተናገርላት” አለችኝ። ሄድኩ።

በዳኛው ወንበር ላይ ያገኘኋቸው እኒያኑ ጓድ አምሳሉን ነበር። የተከራከርንበት ክፍል ቁልፍ በኮት ኪሳቸው ውስጥ ሲንቃጨል ይሰማኛል። በትምህርት ቤት እንደተማርኩት ቆሜ፣ እጅ ነሥቼ፣ “ዳኛው ከችሎት እንዲነሱልኝ በትሕትና አመለክታለሁ” አልኩ። ጓድ አምሳሉ ጥቂት አሰቡና ኮታቸውን አስተካክለው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ዳኛ ሲነሳ ያየ ሕዝብ ሁሉ ተነሣ። ከኋላ የነበረ አንድ ሰው መፈክር የሚሰማበት ሰዓት የደረሰ መስሎት ግራ እጁን ጨብጦ “ኢትዮጵያ ትቅደም!” ሲል አዳራሹ ተቀበለው፤ እርስዎም ከበሩ ሲገቡ ነበርና የምን እንደሆነ ሳይጠይቁ እጅዎን አነሡ። ከዚያ ሁላችንም ተቀመጥን። ጓድ አምሳሉም “ይኸው ተነሥተናል፤ ቀጥል” አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ በፍትሕ ታሪክ ማመልከቻው እንዲህ በፍጥነት የተፈጸመለት ሰው ያለ አይመስለኝም። ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ዳሩ ግን ዞር ስል እትዬ ተሻለች የነጠላቸውን ጫፍ ቋጥረው ይፈታሉ፣ ፈትተው ይቋጥራሉ። አዳራሹ ውስጥ ያልሳቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ፍርዱም ተነበበ፤ ክፍሏ ለክበቡ ጸናች። ከዚያች ደቂቃ ወዲህ ስለ ማለፊያ ነጥብ የተናገርኩትን ደግሜ አልተናገርኩም።

ሦስተኛ፤ በችሎት በመሳቄ በቀበሌው መጋዘን ስላሳደሩኝ ውለታዎ ከብዶኛል። ጥበቃው አያ ኑርዬ በሩን ሲቆልፉብኝ “አብሽር ልጄ፣ እኔም ስቄያለሁ፤ ያልታየብኝ ከውጭ ስለነበርኩ ነው” ብለው አጽናኑኝ። ሲሚንቶ ላይ እተኛለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ነገር ግን አልቋል ብለው ለሕዝብ ባስታወቁት የእርዳታ ስንዴ ላይ ተመቻችቼ ተኛሁ። ከረጢቱ እስከ ጣሪያው ነው። ሕዝብ ያላየውን እንዳይ ስለመረጡኝ ኩራት ተሰምቶኛል። ከዚያ ወጥቼ ይግባኙን ስጽፍ፣ ያየሁትን መደበቅ ምስጋና ቢስነት መስሎ ስለታየኝ፣ ስንዴውንም ጨምሬ ጻፍኩ። ይግባኙን ይዤ ይግባኝ ሰሚው ዳኛ ወዳሉበት ወደ ውጫሌ በጭነት መኪና ሄድኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስዎ። እትዬ ተሻለች ተስፋ ቆርጠው ምድጃቸውን ለሰው ሊሰጡ ሲሉ፣ እናቴ የበረንዳችንን እኩሌታ ጠርጋ “አብሽሪ ተሼ፣ ዓሣው በስሚላህም ቢጠበስ፣ በስመ አብም ቢጠበስ ያው ነው፤ ነይ ግቢ” አለቻቸው። ሾፌሮችም ሽታውን ተከትለው መጡ። ክበብዎ ፊት ይቆም የነበረ አውቶቡስ ሁሉ እኛ ደጅ መቆም ጀመረ።

ውጫሌ ያገኘኋቸው ዳኛ ይግባኙን አንብበው፣ ስለ ሸንጎው ችሎት የሚያወራውን ገጽ ሁለተኛ አነበቡት፤ ሲጨርሱ መስኮቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ክፍሏ ለእትዬ ተሻለች ትመለስ ብለው ወሰኑ። እርስዎም ስንዴውን፣ ከየት እንደሆነ ባይታወቅም፣ “አዲስ ገባ” ብለው በማግስቱ ማደልዎን በዚሁ ሰሌዳ አንብበናል። እትዬ ተሻለች ማሸጊያው ሲቀደድ እልል አላሉም፤ ገብተው የቢራ ሣጥኑን አንድ በአንድ አውጥተው ደጅ ደረደሩና ወለሉን አጠቡ። ከዚያ በሩን ዘግተው ብቻቸውን አለቀሱ። ልጃቸው በሩን ስታንኳኳ እናቴ እጇን ይዛ መለሰቻት።

አራተኛውና ዋናው ምስጋናዬ ስለ ይለፍ ወረቀቱ ነው። ያለ እሱ የአዲስ አበባ ኬላ አይታለፍምና፣ ወደ ትምህርቴ ለመመለስ ፊርማዎን ብጠይቅ “ሕግ ከወደድክ እዚሁ ተማረው” ብለው አሰናበቱኝ። ምዝገባው አለፈ። አልዋሽዎትም፤ ያን ቀን ሐይቁ ዳር ሄጄ ከእስጢፋኖስ ገዳም ትይዩ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ዓመቴ ተቃጠለ። እናቴም እንጀራ አልቀመሰችም።

ይሁንና ቤት ስመለስ በረንዳው ላይ አንድ የአምባሰል ገበሬ በሬውን ከበረንዳው ምሰሶ አስሮ ይጠብቀኛል። ድንበሩን ገፍተውበታል። ቀጥላ አንዲት ሴት መጣች፤ በቀበሌው መዝገብ ሞታለች ተብላ ተሰርዛለችና፣ መኖሯን እንድጽፍላት ትለምነኛለች። ከዚያ ወዲህ ወረፋ አለ። አንዱ እንቁላል፣ አንዱ ምርቃት፣ ሌላው ምንም ሳይዝ ይመጣል። ክራባት አያስፈልግም። ጥላው የእናቴ ቆርቆሮ ነው። በሙዘይን ሻይ ቤት ስለ ሙያ የሰጠሁትን አስተያየት በሙሉ በዚህ ደብዳቤ ሽሬያለሁ፤ ስለ ሊቀመንበርነት ከሰጠሁት በቀር። አዲስ አበባ ብመለስ ኖሮ አንድ ኮርፖሬሽን የውል አንባቢ ያገኝ ነበር፤ እርስዎ ግን አርቀው አስበው ለቀበሌዎ ጠበቃ ሰጡት።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ረጅም ዕድሜ፣ አጭር ስብሰባና የሚነበብ ፊርማ እየተመኘሁ፣ ባሉበት እጅ እነሣለሁ።

በእርስዎ ፈቃድ የሐይቅ ቋሚ ነዋሪ የሆነው አገልጋይዎ
ኢስሃቅ ሐሰን
መስከረም ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ትናንት ከራስዎ ቤት አንድ ሰው በረንዳዬ መጥቶ በእርስዎ ላይ አቤቱታ አጽፎ ሄዷል። የባለጉዳይ ምስጢር ስለሚጠበቅ ማን እንደሆነ አልናገርም። እርስዎም ለማወቅ ብለው ገበታ ላይ የቤተሰብዎን ፊት ሲመረምሩ ራትዎ እንዳይበርድብዎ አደራ።