ጋቢናው ካሶኒውን በላው

ሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን 2006

ደወለ። መካኒኩ ፔር ራሱ ደወለ። «ቢለን አር ፈርዲ» አለኝ። ሌላም ብዙ ተናገረ፣ ስልኩ ስለሚንኮሻኮሽ አልያዝኩትም። የምፈልገውን ቃል ሰምቻለሁ። ፈርዲ ማለት በነሱ ቋንቋ አለቀ ነው። መኪናው ተሠርቶ አለቀ። ተመስገን።

ዳልቻ እለዋለሁ ፒክአፔን፣ ቀለሙ እንደ ዳልቻ በሬ ስለሆነ። ለምርመራ ባስገባው ሻንሲውን፣ የሆዱን ብረት፣ ጨው ነክቶታል ብለው አስቀሩት። እዚህ ፈረንጅ አገር በክረምት መንገዱ ላይ ጨው ይነሰንሳሉ። ለበረዶው ነው ይላሉ፣ የሚበላው ግን ብረት ነው።

ወዲያው አስቴር ጋ ደወልኩ። አረጋውያን ቤት የምትሠራዋ፣ ከስቶቭነር ቤት ቀይራ ወደኛ ሰፈር ወደ ሮምሶስ የምትገባው። «ቅዳሜ ጠዋት እደርሳለሁ» አልኳት።

«ጋሼ፣ መኪና ልከራይ እንዴ? እንዳላስቸግርዎ።»

«እኔ ሳልሞት?»

በዚህ ከተማ ቤት የሚቀይር አበሻ ሁሉ እኔን ነው የሚጠራው። ጋሼ ጭነት ይሉኛል። ባለቤቴ እታገኝ ካረፈች ወዲህ ስልኬ የሚጮኸው ለጭነት ብቻ ነው። እሱም ይበቃኛል።

ማክሰኞ

ብሩክ፣ የልጄ የሰብለ ባል፣ አዲሱን መኪናውን ይዞ መጣ። ፒክአፕ ነው ይለዋል። ለመግባት መሰላል ያስፈልጋል። በሩን ይዤ ስንጠላጠል ከኋላ ሊደግፈኝ መጣ። «ተው!» አልኩት።

ሴንትሩም፣ መሀል ከተማ፣ ቢሮ ውስጥ ነው የሚሠራው። ከሱፍ ልብሱ በቀር የጫነበትን አላየሁም። ካሶኒው ላይ ምንጣፍ አንጥፎበታል፣ ክዳንም አለው።

«አባባ፣ ሦስት ቶን ይጎትታል።»

«ምን ጎተትክበት?»

አብራው የመጣችው ሰብለ ከወጥ ቤት ሳቀች።

በወጣትነቴ ከሻሸመኔ ድንች ሳመላልስ ፒክአፕ ሌላ ነበር። ጋቢናው ለሹፌርና ለአንድ ሰው። ካሶኒው ረጅም፣ ዝቅ ያለ፣ ብቻዬን ኩንታል የማወጣበት። ሙሽራ ጭኛለሁ፣ በሽተኛ ጭኛለሁ፣ በግ ጭኛለሁ፣ ሬሳም ጭኛለሁ። ከዚያ በየጊዜው ጋቢናው ወደ ኋላ ገፋ። መጀመሪያ ከወንበሩ ጀርባ ለኮት የምትሆን ቦታ መጣች። ቀጥሎ ልጅ የምታስቀምጥ መቀመጫ። ኋላማ ሁለት በር ጨመሩና ደብል ጋቢና ሆነ። መኪናው አደገ፣ መጫኛው አጠረ። ጋቢናው ካሶኒውን በላው።

ረቡዕ

ጉልበቴ አመመኝ። ገመዶቼን አውጥቼ አየሁ፣ ደህና ናቸው። ከኋላ ለሚወጣ ዕቃ የማስረውን ቀይ ጨርቅ አጠብኩ። ሌላ የለም።

ሐሙስ

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ እጄ ይዘገያል። ዛሬ ደግሞ ጭራሽ አልታዘዝ ብሎኛል።

ዳልቻውን ላመጣ ሄድኩ። አሁንም ማንሻው ብረት ላይ ተሰቅሏል። ፔር ከሥሩ አስገባኝና ካቻቢቴውን ሻንሲው ላይ ጫን አደረገው። እንደ ቂጣ በሳው። «ፈርዲ» አለ ደግሞ፣ ራሱን እየነቀነቀ።

ለካ ቃሉ ለነሱም እንደኛው ነው። ሥራም ያልቃል፣ ዕቃም ያልቃል።

«ልንዳውና ቅዳሜን ብቻ ልሥራበት» አልኩት።

«ናይ፣ አይሆንም። ክልክል ነው።» እጄን ያዘኝ፣ ደግ ሰው ነው። ቁልፉን ግን አልሰጠኝም።

አስቴርን ምን እላታለሁ?

ዓርብ

አልደወልኩላትም። ሁለት ጊዜ ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩ።

ሰብለ ደወለች። «አባዬ፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

«መኪናውስ?»

«አለቀ» አልኳት። አልዋሸሁም።

«እሺ አባዬ» ብላ ዘጋችው። ፔር ጋ የተመዘገበው የሷም ስልክ መሆኑ ትዝ ያለኝ አሁን ስጽፍ ነው፤ ነግሯት ይሆናል።

ቅዳሜ

ደክሞኛል፣ ግን ልጻፈው።

ገመዱንና ቀይ ጨርቁን በፌስታል ይዤ በቲባነ ባቡር ስቶቭነር ሄድኩ። ለአስቴር ፊት ለፊት ልነግራት ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። ያው የለመደ እጅ ገመድ ይዞ ወጣ።

በሯ ላይ የብሩክ መኪና ቆሟል። ያ ሁሉ ቁመት ይታያል። ብሩክ ጃኬቱን አውልቆ በሸሚዝ ወጣ፣ በዚህ ብርድ። ሳልጠይቀው «እርስዎን እየጠበቅን ነው አባባ፣ ገመድ የለንም» አለኝ።

ተመልሼ ልሄድ ነበር። አስቴር ግን «ጋሼ መጡልኝ!» ብላ ከደረጃው ጮኸች። ምን ይደረጋል?

ቁም ሣጥኑ አልገባም፣ እንዳልኩት። ካሶኒው ግማሹን ብቻ ያዘ። የኋላውን ሳንቃ አወረድን፣ አሰርኩት፣ ቀይ ጨርቁን ጫፉ ላይ አንጠለጠልኩ። ምንጣፉ ሲቀደድ ብሩክ ዓይኑን ጨፈነ። ዳልቻ በአንድ ዙር የሚጨርሰውን ሦስት ዙር ሄድን። ይህን ጮክ ብዬ ተናግሬዋለሁ።

ግን ይሄም ይጻፍ። የአስቴር እናት እግራቸው አይሄድም። እሳቸውና ሁለቱ የአስቴር ልጆች ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። መንገድ ላይ አሮጊቷ ብድግ ለማለት ሞከሩ።

«ብሩክ ልጄ፣ ከሥሬ እሳት አለ እንዴ?»

«ወንበሩ ይሞቃል እማማ፣ ላጥፋው?»

«ተው! ማን አጥፋ አለህ? ቂጤ ከሞቀ ስንት ዘመኑ!»

ልጆቹ በሳቅ ተንፈራፈሩ። እኔም ሳቅሁ። በዳልቻ ቢሆን እሳቸው በቲባነ ነበሩ፣ በበረዶው። እታገኝም ስንት ጭነት በቲባነ ተከትላኛለች፣ ጋቢናው በካርቶን እየሞላ። «ሶፋ በመኪና፣ ሚስት በባቡር» ትል ነበር። እስቃለሁ እኔ።

መጨረሻ ላይ ፌስታሌን ከብሩክ መኪና ወንበር ሥር ስፈልግ ገመድ አገኘሁ። አዲስ፣ ከነፕላስቲኩ። መልሼ ገፋሁት። ብሩክ አላየኝም።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ዳልቻውን ለቁርጥራጭ ብረት የሚወስደው ሰው ፔር ጋ መጣ። ውስጡን ለማራገፍ ገባሁ። ቁራጭ ገመድ፣ የአንድ እጅ ጓንት፣ የደረቀ ሎሚ። መሪውን ትንሽ ያዝ አደረግኩት።

ሰውዬው በመስኮት አንኳኳ። «ፈርዲ?» ጨርሰሃል ወይ ማለቱ ነው።

ወርጄ ካሶኒውን መታ መታ አደረግኩና፣ «እሱ ፈርዲ» አልኩት። «እኔ ናይ።»

ሳቀ፣ ወይም ብርዱ ነው ፊቱን ያጨማደደው። ወሰደው። እስኪታጠፍ አላየሁትም፣ ጀርባዬን ሰጠሁ።

ማታ ስልክ ጮኸ። አንድ ግሮሩድ የሚኖር ልጅ፣ አልጋ አለው። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ይመቻል?»

«የልጄ ባል መኪና ነው፣ ልጠይቀው» አልኩት። ይቺን ለመናገር ጉሮሮዬን ሁለቴ ጠራረግሁ።

ለብሩክ መልእክት ላክሁ፣ በአንድ ጣት። እስካሁን አልመለሰም። ገመዱን በር ላይ ሰቅዬዋለሁ።