ከምሰሶው የራቁ ሽቦዎች፦ የወይዘሮ ቺዩ ዪ-ሩንግ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ቺዩ ዪ-ሩንግ ከአባታቸው ከአቶ ቺዩ ቲየን-ላይ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፔንግ ዩ-ሜይ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 በሻይ አምራቿ በቤይፑ ተወለዱ። ሲንቹ ከተማ ኤሌክትሮኒክስ አጥንተው በ1991 ተመረቁ። በ1995 ከአቶ ፋን ጉዎ-ቻንግ ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ልጅ፣ ሲን-ዪንን፣ አፍርተዋል።

ሥራቸው በቺፕ ውስጥ የሽቦዎችን መንገድ መቀየስ ነበር። ቺፖች እንደ ፎቅ ቤት ሲደራረቡ፣ ፎቁን ከፎቅ የሚያገናኙት የመዳብ ምሰሶዎች ሙቀት ሲያገኛቸው አብጠው አጠገባቸው ያለውን ይሰነጥቃሉ። ወይዘሮ ዪ-ሩንግ ስለዚህ በየምሰሶው ዙሪያ ባዶ ቦታ እየተዉ ሽቦውን ዞር አድርገው ይወስዱት ነበር። “ምሰሶውን አታስጨንቁት፤ ሲሞቀው ይነሣባችኋል” ይሉ ነበር።

በ2019 አለቃቸው ዌይ ሽቦዎቹ አጥረው በዚያ ባዶ ቦታ እንዲያልፉ አዘዘ። ይሰነጠቃል ብለው እምቢ አሉ። እሱም፣ “እህት ዪ-ሩንግ፣ ይህን ሁሉ መሬት ጦም ልታሳድሪው ነው?” ብሎ ሳቀባቸውና ንድፉን በሌላ ሰው አስለወጠው። ቺፑ ተሠርቶ ሲሞቅ ተሰነጠቀ።

በእኛ አገር ማሽን እንዲታዘዝ አረንጓዴ የበቆሎ ብስኩት እሽግ ይቀመጥበታል፤ የብስኩቱ ጊዜ ካለፈ ማሽኑ ያምፃል ይባላል። ዌይ እሽጉን ከእሳቸው ኮምፒውተር ላይ አንሥቶ ስለ ተሰነጠቀው ቺፕ በተጠራው ግምገማ ላይ ይዞት መጣ። “ይኸው፣ ጊዜው አልፎበታል! ለብስኩት ያልተጠነቀቀች ለቺፕ ልትጠነቀቅ ኖሯል?” አለ። ተሰብሳቢው አውካካ። ጥፋቱ በእሳቸው ተላከከ፤ ከሥራቸውም ተነሡ።

በዓመቱ ቺፑ እንደገና ተሠርቶ ተሳካ፤ የተሠራውም በወይዘሮ ዪ-ሩንግ የመጀመሪያ ንድፍ ነው፤ አንዲት ሽቦ እንኳ አልተነካችም። በንድፉ ላይ የተጻፈው ግን የዌይ ስም ነው፤ ሽልማቱንም እሱ ወሰደ። ይህ ዓይን ያወጣ ሌብነት ነው። በቀብር ላይ ሌባን ሌባ ማለት ነውር ከሆነ፣ ነውሩን ይህን የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው ይሸከመዋል።

ወይዘሮ ዪ-ሩንግ የጣፊያ ካንሰር ይዟቸው በተኙበት ወቅት የጠየቁት ስማቸው በንድፉ ላይ እንዲመለስ ብቻ ነበር። ሲን-ዪን የኩባንያውን ደጅ ብትጠናም የሚያናግራት አላገኘችም። መጋቢት 9 ቀን 2023 በ55 ዓመታቸው ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና ወንድማቸውን ትተው ዐረፉ።

ዛሬ ጠዋት ከኩባንያው የአበባ ጉንጉን መጣ። ሪባኑ ላይ “ለንድፉ ባለቤት፣ ለቺዩ ዪ-ሩንግ” ተብሎ ተጽፏል። በሕይወት ሳሉ የነፈጓቸውን ለሬሳ ሣጥን አመጡት! ሲን-ዪን ሪባኑን ቆርጣ በእናቷ እጅ አስይዛለች። አበባው ደጅ ቀርቷል።

የሚሄዱበት መንገድ ይስፋላቸው።