ዴንቨር ፓርክ ውስጥ የተቀመጥኩበት ወንበር

ፀዳልዬ፣ ትናንት የሆንኩትን ልንገርሽ። የእህቴ ልጅ ኤልዳና ከምንኖርበት ከኦሮራ ከተማ ዴንቨር ወዳለው ሲቲ ፓርክ ወሰደችኝ። የጽጌረዳው አትክልት አጠገብ ደክሞኝ አግዳሚ ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። መደገፊያው ላይ የሰው ስም አለ። «የሞተ ሰው ነው፤ ሚስቱ ለመታሰቢያ ያሠራችለት» ብትለኝ፣ መቃብር ላይ የተቀመጥኩ መስሎኝ ብድግ አልኩ። «ነፍስ ይማር» ብዬ ቆሜ ቀረሁ።

«ኖ፣ አክስቴ፣ እንዲቀመጡበት እኮ ነው!» አለችኝ።

ቀስ ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። እኛ ለሙት ዓመት ድንኳን ጥለን እናበላለን፤ እዚህ ደግሞ በሟቹ ወንበር የደከመው ያርፍበታል። ነፍሱን ይማረውና ባልሽ መኮንን ታወሰኝ። የቆመ ሰው ካየ «ኖር» ብሎ መቀመጫውን ሳይለቅ አያስችለውም ነበር።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ። ያሰብሽውን የእብነበረድ ሐውልት ተይውና ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ወንበር አሠሪለት። አሁንም ሰው ያስቀምጥ።

ያንቺው ሙሉነሽ