ኪሱ ያልተፈታ ኮት

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ነው፣ ያ ብርድ ሲመጣ የሚይዝህ ነገር ተወህ ወይስ አሁንም ሲያስነክስህ ይውላል? እትዬ ደህና ናት? ልጆቹስ እየተማሩ፣ እየበሉ፣ እየተጣሉም ቢሆን ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። እማዬም ጉልበቷን ከማማረሯ በቀር ደህና ናት። ሰላምታውን ያሳጠርኩት ንቄህ እንዳይመስልህ፤ ተናድጄ ስለምጽፍልህ ነው። ስልክ ላይ እኔ አፌን ሳልከፍት አንተ ተናግረህ ትዘጋዋለህ። ወረቀት ላይ ግን ልታቋርጠኝ አትችልም፤ እስከ መጨረሻው ታነበኛለህ።

ባለፈው ማክሰኞ ደውለህ ትንሹን ወንድማችንን የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ እንዳስገባው አዘዝከኝ። አልጋ አስይዘሃል፤ መኪናውም ሐሙስ ጠዋት እንደሚመጣ ነገርከኝ። የሥራ ባልደረቦቼ ቪዲዮውን እያዩ ይጠቋቆሙብኛል፣ አንገቴን አስደፋኝ አልክ። አንተ የአዳራሹን ነገር ያየኸው በስልክ ነው፤ እኔ ግን አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ስለዚህ ከሥሩ ልንገርህ።

ትንሹ ከጓሮው ክፍል መውጣት ሲያቆም የሰፈሩ ሰው ምን ይለው እንደነበር ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። ባለሱቁ በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ ‹‹ንኩ›› ነበር የሚለው። እናቶች ልጆቻቸው ጨዋታ ሲያበዙ እንደዚያኛው ትሆናለህ እያሉ ያስፈራሩ ነበር። እኔንም ሊያገቡኝ ሽማግሌ ሊልኩ ያሰቡ ሰዎች ነገሩ በዘር ይተላለፋል ተብለው ቀርተዋል። እሱ ግን ማንን አስቸገረ? ምሳውን በሩ ላይ አስቀምጥለታለሁ፤ ሳህኑን አጥቦ እዚያው ይመልስልኛል። ምስጋና የሚባል ነገር የለም። እውነቱን ልንገርህና እኔንም ይሰለቸኛል፤ በሩን በእርግጫ ብለው የምልበት ቀን አለ። ዋልጌ አይደለም፣ ሰካራም አይደለም፤ ቼዙን ይጫወታል፣ ይተኛል።

አምና ታዲያ የቼዝ ማኅበሩ ሊቀመንበር በራችንን አንኳኳ። ስሙን የማይናገር አንድ ሰው በኢንተርኔት የአገሩን አንደኛ ተጫዋች ደጋግሞ ይረታዋል፤ ማን ይሆን ብለን ስንፈልግ ከርመን እናንተ ጓሮ አገኘነው አለን። ወሬው ሳያድር ባለሱቁ ‹‹ሊቃችን›› ማለት ጀመረ። በልጅነቱ ከረሜላ የምሰጠው እኔ ነበርኩ እያለ ይምላል፤ እኔ ሲያባርረው እንጂ ሲሰጠው አላየሁም። እነዚያ ልጆቻቸውን ሲያስፈራሩ የኖሩ እናቶች ፈተና ሲደርስ ልጆቻቸውን እየጎተቱ መጥተው በመስኮት ሰላም ይበላቸው ብለው ይለምኑኝ ጀመር። መስኮቱን በካርቶን ቢሸፍነው ሊቅ እኮ እንዲህ ነው አሉ። ድሮ መጋረጃውን ዘጋ ብለው ነበር እብድ ያሉት። ስድቡንስ ለምጄው ነበር፤ ያበገነኝ ይሄኛው ነው። ያን ሰሞን ጥርሱን አሞት ግድግዳ ሲደበድብ ነው የከረመው። ሲሰድቡትም ሲያመልኩትም ምን ሆነ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

ቅር አይበልህና አንተም ከነሱ አልተሻልክም። ድሮ ስለ እሱ ሲወራ ወሬ ትቀይር የነበርከው ሰውዬ ‹‹ወንድሜ ሊቅ ነው›› ብለህ ለመሥሪያ ቤትህ ሁሉ አወጅክ። ከአገሩ አንደኛ ጋር አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ ፊት ይጫወታል ብለህ ለሊቀመንበሩ ቃል የገባኸው አንተ ነህ፤ ትንሹን አልጠየቅከውም። ማግባባቱ ለእኔ ተተወ። ስንት ቀን በሩ ላይ ቆሜ ከለመንኩት በኋላ ፎቶ ካልተነሳ፣ ጀርባውንም ወደ ግድግዳ አድርገው ካስቀመጡት እንደሚሄድ ነገረኝ።

እኔም እንግዲህ ደስ ብሎኝ ኮት ልሰፋለት ተነሳሁ። ያ የአባባ አሮጌ ኮት ክርኑ አልቋል፤ በሱ ሕዝብ ፊት አላወጣውም አልኩ። ስፌት ከጀመርኩ ጀምሮ እንደዚያ የተጠነቀቅኩለት ልብስ የለም። እኛ ሰፊዎች አዲስ ኮት ስናስረክብ ቅርጹ እንዳይበላሽ ኪሱን በቀጭን ክር እንዘጋዋለን፤ ባለቤቱ ሊለብሰው ሲል በምላጭ ይፈታዋል። ይህን ለደንበኛ ሁሉ እየነገርኩ ለገዛ ወንድሜ ሳልነግረው ቀረሁ። ትንሹ ደግሞ ሲጫወት የበላውን ጠጠር ጠረጴዛ ላይ አይተውም፤ ኪሱ ነው የሚከተው። ከዓይኑ ካልራቀለት ሐሳቡ ይበተናል። ከልጅነቱ እንዲህ ነው፤ አንተም ታውቃለህ።

አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ፎቶ አይኖርም ብሎ የማለልኝ ሊቀመንበር ካሜራውን ደርድሮታል። ትንሹ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ፤ ቻለው። ጨዋታው ገፋ ሲል የመጀመሪያውን ወታደር በላና ወደ ኪሱ ሲሰደው እጁ ተመለሰ። እንደገና ሞከረ። በሌላው ኪስም ሞከረ። ወታደሩን በጡጫው ይዞ መጫወቱን ቀጠለ። ፈረስ በላ፤ እሱንም ደርቦ ጨበጠው። ከአዳራሹ ኋላ ሳቅ ተጀመረ። ነገሩ ሲገባኝ ከቦርሳዬ ምላጬን አውጥቼ ብነሳ ተቀመጪ እያለ የሚጎትተኝ በዛ። ትንሹ ጠጠሮቹን እንደጨበጠ ብድግ ሲል ወንበሩ ወደቀ፤ ማንንም ሳያይ ወጥቶ ሄደ። አንተ ያየኸው ቪዲዮ የሚጀምረው ከወንበሩ ነው።

ቪዲዮው ላይ የሌለውን ደግሞ ልንገርህ። ተጋጣሚው ሰሌዳውን ሲመለከት ቆየና ወደ እኔ መጣ። ‹‹እህቱ ነሽ አይደል? ተሸንፌ ነበር እኮ፤ መውጫ አልነበረኝም›› አለኝ። ይህንኑ ለሊቀመንበሩም ነገረው። ሊቀመንበሩ ግን ድምፅ ማጉያውን አንስቶ ትንሹ ጨዋታውን ጥሎ በመውጣቱ ተሸንፏል ብሎ አወጀ፤ ሰዉም አጨበጨበ። ባለሱቁ በማግስቱ እኔ ድሮም ብያለሁ እያለ ነበር። ልጁ ያው ነው፤ ከቅዳሜ እስከ እሁድ የተቀየረው የነሱ አፍ ነው። ያን ቀን ጨው ልገዛ ወጥቼ ሳልገዛ ተመለስኩ።

ለአንቺም አስቤ ነው፣ እሱን ስትጠብቂ ትዳር ሳትይዢ ቀረሽ አልከኝ። ስላሰብክልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ግን በእኔ አታሳብብ፤ ያስጨነቀህ የባልደረቦችህ ሳቅ ነው።

መኪናው ዛሬ ጠዋት መጣ። ለትንሹ ትናንት ነግሬው ነበር፤ አታልዬ ልወስደው ሕሊናዬ እሺ አላለኝም። አልጮኸም፣ አልተቆጣም። ጠዋት ስሄድ ልብሱን አጣጥፎ ፌስታል ውስጥ ከትቶ፣ ሰሌዳውን በፎጣ ጠቅልሎ አልጋው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

‹‹እዚያ በሩ የሚቆለፈው ከውስጥ ነው ከውጭ?››

ከውጭ ነው አልኩት።

‹‹እሺ›› አለና ፌስታሉን አነሳ።

ወንድም ጋሼ፣ እሺ ነው ያለው። ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ፌስታሉን ከእጁ ተቀብዬ ልብሱን ወደ ቦታው መለስኩ፤ ሾፌሩንም ይቅርታ ጠይቄ ሸኘሁት። ሐኪም ይየው ካልክ እስማማለሁ፤ ቤት ድረስ የሚመጣ ፈልገን እናሳየው፣ እሱም ፈቅዶ ከሆነ። ከዚህ ቤት ግን አይወጣም። አንተም ከእንግዲህ ስለ እሱ ለማንም ቃል አትግባ፤ ለሙገሳም ይሁን ለአልጋ። ብትቀየመኝም ችየዋለሁ።

እትዬን አቅፈህ ሳምልኝ፤ የላከችልኝ መቀስ እጄ ላይ ቀለል ብሎኛል በልልኝ። ትልቋ ልጅህ በርትታ ትማር። መንትዮቹ ቁመታቸውን ለክተው ይላኩልኝ፤ ሱሪ እሰፋላቸዋለሁ። እማዬ ጉንጩን ሳሚልኝ፣ ደግሞም ተቆጥቼዋለሁ በይልኝ ብላለች። ከትንሹም ሰላምታ ብጨምርልህ ደስ ባለኝ። ግን ክፍሉ ገብቶ ከውስጥ ቆልፏል፤ አላንኳኳሁም።

ታናሽ እህትህ

ከእናታችን ቤት
ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን