አለቃን ቁጭ ማሰኘት

መስከረም 20
ቡችላው መጣ። ገና አራት ወሩ ነው፤ መዳፉ ግን የስኒ ማስቀመጫ ያክላል። የእንስሳት ሐኪሙ፣ "ከአሁኑ ቁጭ፣ ቆይ፣ ና የሚለውን አስለምደው። ካደገ በኋላ አንተን ነው የሚጎትትህ" አለኝ። ባለቤቴ ስም ፈልግለት አለች። ምን ያስፈልጋል? ድሮም አለኝ... አለቃ።

መስከረም 23
የመዝገብ ቤቱ አለቃዬ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሮው ሲጠራኝ ቆሜ ነው የምሰማው። አንድ ቀን ወገቤን አሞኝ ወንበሩ ጫፍ ላይ ዐረፍ ብል ጉሮሮውን ጠረገ። "እህህ... ማን ቁጭ በል አለህ? ተነሣ!" ጸሐፊዋ እያየች፣ አዲሶቹ ሠራተኞች እያዩ። ተነሣሁ። ለምን ተነሣሁ? ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመቴ፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ይኸው እሱም ጡረታ ወጥቶ ሰፈራችን ገብቷል። ጠዋት ጠዋት በደጃፌ ያልፋል። ይለፍ! ፊቱ ቆሜ "አለቃ፣ ቁጭ በል!" ስል ጎረቤት ሁሉ ይሰማል።

መስከረም 30
ቡችላውን በሰውየው በገዛ ድምፁ ነው የማሠለጥነው። ጉሮሮ ጠረግ... "እህህ... ቁጭ በል!" ሲቀመጥ አንዲት ቁራጭ የተቀቀለ ጉበት። ባለቤቴ ከጓዳ፣ "አንተ ሰውዬ፣ ሰውየውን ቤታችን አስገባኸው እኮ!" ብላ ሳቀች። ትሳቅ።

ጥቅምት 9
ቁጭ ይላል! ሃያ ጊዜ አስነሣሁት፣ ሃያ ጊዜ አስቀመጥኩት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ጥቅምት 12
አልጽፍም ብዬ ነበር።

ደጃፌ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት። መጣ። አፌን ሳልከፍት ውሻው ማሰሪያውን ከእጄ መንጭቆ ደረቱ ላይ ወጣበት። ሰውየው ምንም አልደነገጠ። "እህህ... ቁጭ በል!"

ውሻው ቁጭ አለ። እኔ ደግሞ... ያቺን እህህ ስሰማ ለካ ብድግ ብያለሁ።

"ጨዋ ውሻ ነው። ስሙ ማን ነው?"

"ገና... አላወጣንለትም ጌታዬ።"

ጌታዬ! ምላሴን ይቁረጠው።

ጥቅምት 13
ለእሱ ነው ያሠለጠንኩለት።

ኅዳር 2
እንደገና ከሀ ጀምረናል። በራሴ ድምፅ። የራሴ ድምፅ የትኛው ነበር? ባለቤቴን ብጠይቃት፣ "ለእኔ 'ሻይ አለ?' የምትልበት" አለችኝ። ቀስ ያለ ነው። "ቆይ" ስለው ውሻው ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ያየኛል። አይገባውም።

እኔም አብሬው እየተማርኩ ነው። ሁለታችን ደረጃው ላይ እንቀመጣለን፣ እሷ ከውስጥ "እህህ" ትላለች። ትናንት ውሻው አንድ ጊዜ ተነሣ። እኔ ሦስት ጊዜ።

ኅዳር 18
ዛሬ ጠዋት መጣ። ደረጃው ላይ ነበርን። ፊታችን ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። ውሻው ወደ እኔ አየ። "ቆይ" አልኩ ቀስ ብዬ። ለማናችን እንዳልኩ እንጃ።

"ደህና አደሩ" አልኩት፣ ከተቀመጥኩበት ሳልነቃነቅ። በዕድሜ ይበልጠኛል። ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ነውሩን ፈልጌው ነው። እንድነሣለት ጠበቀ። ጠበቀ...

"ስም አወጣችሁለት?"

"አዎን። አለቃ።"

ምርኩዙን ተደግፎ ወገቡን ያዝ አደረገ። ደረጃው ላይ ሰፊ ቦታ ነበር።

ቁጭ ይበሉ አላልኩትም።